የጋሽ ዘርጋ ምርቃት በመቶ ፍሬም

ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነው። በዚህ ዕድሜ «የሥራ ዘመኔ» ብሎ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ጡረታ አልወጣሁም፤ ካሜራ አቆምኩ፣ በቃ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሠርግ፣ ክርስትና፣ የተማሪ ምረቃ፣ አልፎ አልፎም ማስታወቂያ ስቀርጽ ኖርኩ። አሁን መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ተቀጥሬ አምፖልና ሽቦ እሸጣለሁ። ሰው ለምን እንደተውኩት ሲጠይቀኝ «ሥራው ቀዘቀዘ» እላለሁ። ሥራው አልቀዘቀዘም። እውነተኛውን ምክንያት ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት። መጻፍ ስለማልችልበት እየቆምኩ ነው የምሄደው።

ሥራውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ሽመልስ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ፤ ባለፈው ክረምት ሞቷል። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ «ወንድም ጋሼ» እለው ነበር እንጂ ስሙን ጠርቼው አላውቅም።

ቪዲዮ ቤታችን መሳለሚያ፣ የስፖንጅ ፍራሽ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። መስኮቱን ከከፈትን የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ይገባል፤ ከዘጋነው ኮምፒውተሩ ይግላል። ወንድም ጋሼ ኤዲት ሲያደርግ መዝጋቱን ይመርጥ ነበር። ላቡን በፎጣ እየጠረገ ይሠራል። «ድምፅ ከሥዕል ይቀድማል» ይለኛል፤ እኔ ግን አይገባኝም ነበር።

ልማዶቹን አሁን ሳስባቸው ነው ትርጉማቸው የሚታየኝ። ከቀረጻ በፊት ማይኩ አጠገብ ሦስት ጊዜ ያጨበጭብና ዓይኑን ጨፍኖ በሄድፎኑ ያዳምጣል። ሠርግ ቤት ውስጥ ይህን ሲያደርግ ሰው ይስቅበታል። «ሙሽራው ሳይመጣ ጭብጨባ ጀመርክ እንዴ?» ይሉታል። እሱ አይመልስም። ካሜራው ጎን ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በስንት ፍሬም እየቀረጸ እንደሆነ በእርሳስ ይጽፍበታል፤ ሲለውጥ ያጠፋና እንደገና ይጽፋል። ቁጥሩ በትንሿ ስክሪን ላይ እየታየ ለምን ይጽፋል ብዬ ጠይቄው «የጻፍከውን ነው የምታስታውሰው» አለኝ። እኔ በራሴ ካሜራ ላይ ፕላስተር ለጥፌ አላውቅም።

ፍሬም ምን እንደሆነ ያስረዳኝ በባቄላ ነው። ከእህል በረንዳ ያመጣውን ጥሬ ባቄላ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «ቪዲዮ የብዙ ፎቶ ሰልፍ ነው። በአንድ ሰከንድ ሃያ አምስት ታነሳለህ፤ ስታሳይም ሃያ አምስት ታሳያለህ። ሰውየው እንደተራመደው ይራመዳል። በዚያችው ሰከንድ መቶ ካነሳህና በሰከንድ ሃያ አምስት ሃያ አምስት እያደረግህ ካሳየህስ?» ሰልፉን አራት እጥፍ አስረዘመው። «አንዷ ሰከንድ አራት ሆነች። ስሎው የምትሉት ይኼ ነው።» ቀጥሎ ሁለት ባቄላ ብቻ አስቀመጠ። «በሰከንድ ሁለት ብቻ ብታነሳ ደግሞ ሰው ይበራል።» በዚያው ሳምንት ፎቁ ጣሪያ ላይ ወጥተን መሳለሚያን በሁለት ፍሬም ቀረጽን። ታክሲዎቹ እንደ ጉንዳን ተተራመሱ። ሰዎቹ ጭስ መሰሉ። ቀኑን ሙሉ ደጋግሜ አየሁት።

የመብራቱንም ነገር ያስተማረኝ እሱ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ ሃያ አምስት፣ ሃምሳና መቶ ይስማሙታል። ሠላሳ፣ ስልሳ፣ መቶ ሃያ ከነካህ የአዳራሹ አምፖል ይርገበገብብሃል። እኔ ነገሩን ንቄ የአንድ ሕፃን ክርስትና በመቶ ሃያ ቀረጽኩና ግድግዳው በሙሉ ሲብለጨለጭ ወጣ። ወንድም ጋሼ አይቶ «ክርስትና ነው ወይስ ነጎድጓድ?» አለና እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሁሉንም ከሱ ካሜራ ቆርጦ ሸፈነልኝ። የዚያን ቀን ስለሳቀ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስለ ስሎው ያወጣው ሕግ አንድ ነበር። ካሜራዎቻችን በስሎው ሲቀርጹ ድምፅ አይቀዱም። ማይክ ብትሰካም ባትሰካም ያው ነው። ስለዚህ «ስሎው ለእግር፣ ለቀሚስ፣ ለአቧራ ነው። አፍ ሲከፈት ወደ ሃያ አምስት ተመለስ» ይለኝ ነበር።

ወንድም ጋሼ የሠርግ ቀራጭ ብቻ ሆኖ መቅረት አይፈልግም ነበር። ስለ አንድ ተሸካሚ አጭር ፊልም ለመሥራት ያስብ ነበር። ሙዘይን የሚባል፣ እህል በረንዳ የሚሠራ ሰው ነው ባለታሪኩ። አንድ ጠዋት ሙዘይን ጤፍ ከመኪና ሲያወርድ በመቶ ፍሬም ቀረጽኩት። ሥራው ሲያበቃ ስክሪኑ ላይ አሳየሁት። ጓደኞቹ መጥተው ከበቡን።

«አንተ ሙዘይን፣ ሚኒስትር መሰልክ እኮ!» አለ አንዱ።

«እንዲህ ቀስ ብለህ ብትሠራማ እዚህ ማን ያቆይሃል!» አለ ሌላው።

ሙዘይን አልሳቀም። ትከሻው ላይ ያለው ጆንያ ሲወጣ ሲወርድ፣ አንገቱ ሲገታተር ለረጅም ጊዜ አየ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ ተሸክሜው ነበር እንዴ?» አለ።

ከዚያ ማንም አልሳቀም። እኔ በልቤ «እንዴት ያምራል» እያልኩ ነበር። ወንድም ጋሼ ግን ስንመለስ «እርምጃውን በሃያ አምስት ድገመው» አለኝ። «መቶ የምታደርገው ሲያወርድ ብቻ ነው። ማስረዘም ያለብን ዕረፍቱን እንጂ ሸክሙን አይደለም።» ሐሳቡ ገብቶኛል፤ አልተቀበልኩትም። ለእኔ መቶ ፍሬም ሁሉንም ነገር የሚያስውብ ይመስለኝ ነበር። የሠርግ ሚዜዎችም አበላሹኝ። «ቢኒ ስሎው» የሚል ስም አወጡልኝ። ቪዲዮ ቤት ሲመጡ «ቢኒ ስሎው ይምጣልን» ይላሉ። በዚህ ስም ኮርቼ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ።

ጋሽ ዘርጋ እህል በረንዳ ትልቅ መጋዘን የነበራቸው ነጋዴ ናቸው። ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ «በዓይናቸው ነው የሚነግዱት» ይባልላቸዋል። ልጃቸው መሠረት ስታገባ ታመው ነበር። እግራቸው አይሄድም፤ ትንፋሻቸው ያጥራል። ቢሆንም የሙሽራው ወገን መጥቶ ግርግር ከመፈጠሩ በፊት፣ ልጃቸውን በቤታቸው፣ በዘመድ መሃል ብቻ መመረቅ እንደሚፈልጉ ለወንድም ጋሼ ራሳቸው ነገሩት።

የሠርጉ ቀን ጠዋት ወንድም ጋሼ ወደ ሙሽራው ቤት ሲሄድ በሩ ላይ ያዘኝ።

«ቢኒ፣ ሽማግሌውን አደራ።»

«እሺ ወንድም ጋሼ።»

«ማይኩን ራስህ ኮታቸው ላይ ስካላቸው። ብዙ ከማይናገር ሰው አንዲት ቃል እንዳትጥልብኝ።»

«እሺ አልኩህ እኮ!»

ማይኩን ሰካሁ። አላጨበጨብኩም። ሄድፎኑ አንገቴ ላይ ነበር። መሠረት በነጭ ቀሚስ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ካሜራውን መቶ ላይ አደረግሁት። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ብርሃኑ ይበቃል። ቬሏ መሬት እየጠረገ መጣ። አባቷ እግር ሥር ስትንበረከክ ቬሉ በአየር ላይ ቆየና ቀስ ብሎ ወደቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥዕል ይዤ አላውቅም።

ሦስት የአክስቷ ልጆች ስልክ አውጥተው ከኋላዋ ቆሙ። ሥዕሌ ውስጥ ገቡብኝ። «እህቶች፣ ስልክ አውርዱልኝ፤ እኛ እየቀዳን ነው» አልኳቸው።

«አደራ ቢኒ ስሎው፣ በኋላ እንዳታስለቅሰን!» አለች አንዷ። ሦስቱም አወረዱ።

ጋሽ ዘርጋ እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ አደረጉ። መናገር ጀመሩ። ወደ ሃያ አምስት መመለስ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ረስቼው ነው ብል ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁትም። ለመመለስ ቀረጻውን ማቋረጥና የካሜራውን የፍሬም መዞሪያ ማዞር ነበረብኝ። ልክ በዚያች ቅጽበት የሽማግሌው ጉንጭ ላይ እንባ ወረደ። ይህን ልጨርስና እመለሳለሁ አልኩ። እንባው አገጫቸው ጋ ደረሰ፤ ቀጥሎ ጣታቸው ፀጉሯ ውስጥ ገባ፤ ይህንም ልጨርስ አልኩ። ትንሽ ቆይተው «አሜን በሉ» አሉ። ሁሉም አሜን አለ። አለቀ።

አራት ደቂቃ ያህል ተናገሩ። እኔ እጅ ላይ ያለው አሥራ ስድስት ደቂቃ የሚሆን፣ ቀስ እያለ የሚከፈትና የሚዘጋ አፍ ነው። ድምፅ የለውም።

ማታውን አይቼ አረጋገጥኩ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ሌላ ሠርግ ነበረን። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ። ኤዲቲንግ ወረፋ ስለሚይዝ የመሠረት ሠርግ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ጊዜ ያለኝ መሰለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የታጠቡ ፎቶዎች እንዳደርስ ተላክሁ። ጋሽ ዘርጋ መጋዘናቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አወቁኝ።

«ና እስቲ። ቪዲዮው መቼ ነው?»

«እየሠራነው ነው ጋሼ።»

«ድምፄ ገብቷል? ያን ቀን ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።»

«ገብቷል ጋሼ።»

«ካልገባ ንገረኝ፤ አትፈር። ዛሬ ተሽሎኛል፣ እደግመዋለሁ።»

«ኧረ በጣም ጥሩ ገብቷል» አልኳቸው።

 ካሜራው ትከሻዬ ላይ ነበር። ባትሪው ሙሉ ነበር። ሰውየው እደግመዋለሁ አሉኝ። ፎቶውን ሰጥቻቸው ሄድኩ።

ጋሽ ዘርጋ ከሠርጉ በኋላ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ኖረው ሞቱ። አርባቸው እንደወጣ ቤተሰቡ ቪዲዮውን ጠየቀ። ወንድም ጋሼ ሌላውን ሥራ አቆመና ፋይሉን ከፈተ። እኔ በሩ አጠገብ ኬብል እጠቀልል ነበር።

«ቢኒ፣ ድምፁስ?»

ኬብሉን መጠቅለሌን ቀጠልኩ። ወንድም ጋሼ ሄድፎኑን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«የዚያኑ ዕለት።»

«ሰውየው ሁለት ወር ኖረዋል እኮ» አለ። ቆየና ደገመው። «ሁለት ወር እኮ ነው ቢኒያም።» ሙሉ ስሜን የሚጠራኝ ሲናደድ ነበር፤ ያን ቀን ግን የተናደደ አይመስልም፤ የደከመው ነው የሚመስለው። መጋዘኑ በር ላይ ያሉኝን ለእሱም አልነገርኩትም።

ሁለት ቀን ሙሉ ሞከረ። ሥዕሉን አራት እጥፍ አፍጥኖ ወደ ትክክለኛ እርምጃው መለሰው። አፉ እንደ ሰው አፍ መንቀሳቀስ ጀመረ። በምርቃቱ የነበሩትን የመሠረትን አክስቶች እየዞረ ጠየቀ። አንዷ «ማሕፀንሽ ይባረክ ነው ያለው» አለችው፤ ሌላዋ «እሱንስ አላለም፤ ስለ እናቷ ነው የተናገረ» አለች። ሁሉም እያለቀሱ ስለነበር የሰማ የለም። ሁሉም እኛን አምነው ነበር።

መሠረት ከታላቅ ወንድሟ ጋር ቪዲዮ ቤት መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ወንድም ጋሼ ቆሞ ተቀበላት። ከመቀመጧ በፊት ነገራት።

«የአባትሽ ድምፅ አልተቀዳም። ካሜራውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እኔ እዚያው ነበርኩ። በእኔና በእሷ መሃል ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ።

መሠረት መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ጮኸች። «አንድ ቀን ተናገረልኝ። አንድ ቀን! እሱንም አንተ ዋጥከው!» ወንድሟ ይዟት ወጣ። ደረጃው ላይ ለቅሶዋ እስኪርቅ ወንድም ጋሼ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«ለምን እንዲህ አልክ?» አልኩት።

«አንተ ገና ጀማሪ ነህ። በዚህ ስም ከወጣህ ማንም አይጠራህም። የእኔ ስም ይችለዋል።»

አልቻለውም። እህል በረንዳ ወሬው በአንድ ቀን ነው የሚዳረሰው። «ዲዳው ቪዲዮ ቤት» ተባልን። እሱን ደግሞ «ሽመልስ ዲዳው» አሉት። ነጋዴዎቹ ልጆቻቸውን ለሌላ ቀራጭ ሰጡ። ሙዘይን እንኳ ሲያገኘው ይሸማቀቅ ነበር። ፊልሙ አላለቀም። እኔ ግን ያኔም «ቢኒ ስሎው» ነበርኩ፤ ሚዜዎቹ በስሜ ይጠሩኝ፣ ሌሎች ቀራጮችም ይዋሱኝ ነበር። ወንድም ጋሼ ዲዳው ሲባል እየሰማሁ ሻይ እጠጣ ነበር። እሱም እስኪሞት ድረስ ነገሩን አንድም ቀን አላነሳብኝም። ቢያነሳብኝ ይቀለኝ ነበር።

በጉበት በሽታ ነው የሞተው፤ ብዙ አልቆየም። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሁለት የእህል በረንዳ ሰዎች አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ወንድሙ መሆኔን ያወቁ አይመስለኝም።

«ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው» አለ አንዱ።

«ደግስ ደግ ነው። ያቺ የዘርጋ ነገር ባትኖርበት።»

«እንግዲህ ሰው በሙያው መታመን አለበት።»

ተነስቼ «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። ውሃ ለማምጣት የምሄድ መስዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ካሜራ አንስቼ ሰው ፊት ላይ ማነጣጠር አልቻልኩም።  አፍረት ነው። ሁለቱንም ካሜራ ለሌላ ቀራጭ አሳልፌ ሰጠሁ።

የዛሬ አሥራ አምስት ቀን መሠረት ጋ ሄድኩ። አሁን የአባቷን መጋዘን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች። ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ደንበኛው እስኪሄድ ጠበቅሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። መቶ ፍሬሙን፣ ስልኮቹን ያስወረድኩት እኔ መሆኔን፣ ወንድሜ የዚያን ሰዓት ሙሽራው ቤት እንደነበር። አባቷ በዚያው በር ላይ ተቀምጠው እደግመዋለሁ ያሉኝን ስነግራት እጇን ሚዛኑ ላይ አሳረፈች።

«እደግመዋለሁ አለህ?»

«አዎ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ጥሩ ገብቷል አልኳቸው።»

 ተሸካሚዎች በመሃላችን አለፉ፤ «መንገድ! መንገድ!» ሲሉ ሁለታችንም ዞር አልን፣ ተመለስን።

«እኔ እያለቀስኩ ነበር» አለች። «አንተ ቅርብ ነበርክ። ምን እንዳለኝ ታስታውሳለህ?»

«መጀመሪያውን ብቻ። ‹መሠረት፣ ብዙ አላናገርኩሽም› ነው ያሉት።»

«መጀመሪያውንማ እኔም አስታውሳለሁ።»

ይቅር በይኝ ልላት ነበር። እሷ ስለ ሌላ ነገር እያሰበች ነበር።

«ለሽመልስ ለቅሶ አልመጣሁም» አለች። «ሰው መጥቶ ጠራኝ። አልቆምለትም አልኩ። እናትህ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናት። አማኑኤል ሰፈር ነው ቤቷ።»

«ያውቃሉ?»

«አታውቅም።»

ነጠላዋን ከወንበር ላይ አነሳች። ለሠራተኛው መጋዘኑን እንዲጠብቅ ነገረችና «ና ምራኝ» አለችኝ። እስከ አማኑኤል በእግራችን ሄድን።  እናቴ ቤት በር ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«መጀመሪያ አንተ ተናገር። እኔ ከዚያ በኋላ ነው የምገባው።»

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቆሜ ነገርኳት። ቀጥ አድርጌ አልተናገርኩትም፤ እየደነቃቀፍኩ፣ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ነው። ስጨርስ ሰፌዱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ሽመልስ አንተ መሆንህን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እኔ ሰድቤው ነበር እኮ» አለች። «ሰው ሲነግረኝ ጠርቼ ‹የሽማግሌ ቃል አደራ ተሰጥቶህ ያባከንክ፣ አባትህ ቢኖር ምን ይልሃል› አልኩት። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ‹እውነትሽን ነው እማዬ› አለኝ።»

ይህን አላውቅም ነበር።

መሠረት ገባች። ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ለብሳለች። እናቴ አላወቀቻትም፤ «የጋሽ ዘርጋ ልጅ ነኝ» አለቻት። እናቴ ተነስታ አቀፈቻት። ሁለቱም የሽመልስን ስም እየጠሩ አለቀሱ፤ አንዷ «ልጄ» ትላለች፣ አንዷ «ሳላውቅህ» ትላለች። ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ ወንበር ተቀባበሉ፤ ለገባው ሁሉ ቦታ ተገኘ። እኔን ቁጭ በል ያለኝ አልነበረም፤ እኔም አልተቀመጥኩም።